ቀይ ጉበን

ሞላን መጀመሪያ ያየሁት ቤታችን ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው።

ጀርባውን ሰጥቶኝ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ኮንጎ ጫማውን አንድ በአንድ አውልቆ ግድግዳው ሥር አስጠጋና፣ «እታለም፣ ውኃ ካለ እስቲ» አለ። ከእርሻ የተመለሰ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ማሽላ እያበጠርኩ ነበርና ሰፌዱ እጄ ላይ ቀረ።

«እዚህ እታለም የምትባል የለችም» አልኩት።

ዞረ። መጀመሪያ እኔን አየ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን። ቤቱ እንደ እሱ ቤት ጭቃ ነው፣ እንደ እሱ ቤት የሣር ክዳን ነው፣ በሩም እንደ እሱ ቤት ወደ መንገዱ ያያል። ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ ግራ ገባው።

«የማን ቤት ነው?»

«የታረቀኝ።»

«ምነው በሞትኩት» አለና አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን መፈለግ ያዘ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የጠየቀውን ውኃ ግን በቅል ቀድቼ ሰጠሁት፤ የተጠማ ሰው ቤት ስለሳተ ውኃ አይከለከልም። ባንድ እግሩ ጫማ ቆሞ ጨልጦ ጠጣው። ቅሉን ሲመልስልኝ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ሁለታችንም ዓይናችንን ቶሎ አልነሣንም።

ይህ የሆነው በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶታል። ክረምቱ ሲወጣ ከመጠለያው አውጥተው አዲስ ወደ ተሠሩት ቤቶች አዛወሩን። አስተባባሪያችን ጓድ ቀጄላ የወለጋ ሰው ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር የሚወድ። ችካል እያስተከለ፣ በገመድ እየለካ፣ ቤቶቹን በተርታ አሠራቸው። አንዱ ቤት ከሌላው በስንዝር እንኳ አይበልጥም። አምባችንም ቁጥር ነበረው እንጂ ስም አልነበረውም።

ቤቱን የሳተ ሞላ ብቻ አይደለም። አባቴ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሰው ቤት ገብቷል፤ አንዴማ የሰው ቂጣ በልቶ ሲያበቃ ነው ያወቀው። ሰው ይስቅ ነበር። እኔ ግን ሞላ ከሄደ በኋላ ሳቄ አለቀና ንዴት መጣብኝ። ሰው ቤቱን በቆጠራ የሚያውቅበት ኑሮ ምን ኑሮ ነው? እናቴ በሕይወት ሳለች የኛ ቤት ከወንዝ ማዶ ይለይ ነበር። ለመስቀል ግድግዳውን በነጭ አፈር ትለቀልቀውና ግርጌውን በአመድ ትከፍፈዋለች። «ቤትም ፊት አለው፤ እጠቢለት» ትለኝ ነበር።

«አባዬ፣ በራችንን ቀይ ላደርገው ነው» አልኩት ገና ከመግባቱ።

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«አፈር እኮ ነው። አፈር ለመቀባት ምን ፈቃድ ያሻል?»

«ጓድ ቀጄላ መስመሬ ተበላሸ ይልሻል።»

«መስመሩ ከቦታው አይነቃነቅም። የሚቀላው በራችን ነው።»

አባቴ እኔን ተከራክሮ እንደማይረታ ያውቃል፤ ወሬውን ለወጠ። «ያ ተሳስቶ የገባው ሞላ የሚባለው ነው አሉ። ከሦስት ቤት ወዲያ፣ ከሚስቱ ጋር ነው ያለ።»

የተበጠረውን ማሽላ አንሥቼ እንደገና ማበጠር ያዝኩ። አንዴ ውኃ ላጠጣሁት ሰው ይህን ያህል መከፋቴ እኔንም ገረመኝ።

ቀዩን አፈር ከወንዙ ዳር አመጣሁና ጉበኑንና መቃኑን ቀባሁት። በማግስቱ ዝናብ መጥቶ አጠበው። እልህ ያዘኝ። ቅዳሜ አሶሳ ገበያ ወረድኩና ሙጫና ቀለም የምትሸጠውን ጣሂራን አገኘኋት። የበርታ ሴት ናት፤ ብርቱካንማ ቶብ የሚሉትን ጨርቅ ከራስ እስከ እግሯ ተጠቅልላ መሬት ላይ ብትቀመጥም ወንበር ላይ ያለች ነው የምትመስለው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«አንተ አፈር ብቻ ቀባ?» አለችኝ። «አፈር ብቻ፣ ዝናብ መጣ፣ ኻላስ፣ አለቀ። ይህ የግራር ሙጫ ነው። ውኃ ውስጥ አሳድር፣ ከዚያ ከአፈር ጋር አንድ አድርግ። ዝናብ ይመጣል፣ ዝናብ ይሄዳል፣ ቀለም ወላሂ እዚህ ነው።»

ከሙጫው ይልቅ ቶቧን ነበር የማየው። ጠርዙን አንሥታ በእጄ አስነካችኝ። «አንተ ይወዳል» አለችና ሳቀች። እወድ ነበር። ሁላችንም የታደለንን አንድ ዓይነት ካኪ ቀሚስ ለብሰን ስንኖር ሁለት ዓመታችን ነው፤ ዓይኔ ቀለም ርቦት ነበር።

ጣሂራ ያለችው ሆነ። ጉበኑን ቀይ፣ ከበላዩ ነጭ ነጠብጣብ አደረግሁበት። ዝናቡ መጣና ሄደ፣ ቀለሙ እዚያው አለ። ሞላ ማጭዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ከሥራ ሲመለስ በሩ ፊት ቆመ።

«አሁን አልሳሳትም» አለ።

«እኔ የሠራሁት ለአባቴ ነው።»

«ለኔም ጠቅሟል።»

ከአራት ቀን በኋላ የቀርከሃ መደርደሪያ ተሸክሞ መጣ። የቀርከሃ ሥራ ያስተማረው የጣሂራ ባል ሐምዳን ነው። ባለ ሦስት ደረጃ፣ እግሩ የማይነቃነቅ፣ ጠርዙ እጅ እንዳይወጋ በቢላ የተፋቀ። «ያን ቀን ቅላችሁ መሬት ላይ ተቀምጦ አይቼ ነው» አለ። አባቴ አመስግኖ ሥራውን ሊያይ ወጣ። መደርደሪያውን ከግድግዳው የሚያስይዙ ሁለት ችካል መምታት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀ፤ ማናችንም አልቸኮልንም።

«የቀሚስሽ አንገት ላይ ያለው ክር ከየት የመጣ ነው?» አለኝ።

«ከፈረንጅ ሹራብ። ሰልባጅ ሲታደል ሁለት ሰው የሚያስገባ ቀይ ሹራብ ደረሰኝ። በዚህ ሙቀት ማን ይለብሰዋል? ተረተርኩትና ጥልፍ ጠለፍኩበት።»

«ሹራቡ ሙሉውን አለቀ?»

«እጅጌው ብቻ ነው ያለቀው። ሌላውን አስቀምጬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ነው አፌ ያመለጠኝ። «ለባለቤትህስ መደርደሪያ ሠራህላት?»

እጁ ቀርከሃው ላይ ቆመ። «ሠርቼላታለሁ» አለ። ከዚያ «ጤናዬ» ብሎ በስሜ ጠራኝ።

«ወይ?»

«ምንም።»

ወድጄው ነበር። ልደብቀው አልችልም፣ አሁንም አልደብቀውም። ግን የሌላ ሴት ባል ወድጄ በዚያች ሴት በር ፊት ለፊት መመላለስ የኔ ነገር አይደለም። ችካሉን መትቶ ሲጨርስ፣ «ሞላ፣ ከእንግዲህ እዚህ አትቁም» አልኩት።

«መንገዱ እኮ በዚህ ነው።»

«እንግዲያው ሳታይ እለፍ።»

ሳያይ አለፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በራችን ጋ ሲደርስ አንገቱን ያቀረቅራል። እንዲያ ሲሆን ማየቱ ደግሞ ባሰብኝ። መደርደሪያውን ነቅዬ ላወጣው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሐል ጓድ ቀጄላ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ሊቆጣኝ ነበር፤ ቀይ በር ወጥነት ያጠፋል ብሎ እንድፈቀፍቀው አዘዘኝ። ነገ ዛሬ ስለው ሳምንት አለፈ። ሁለተኛ ሲመጣ ፊቱ ተለውጧል።

«ከላይ የመጡ ጓድ በመኪና ሲያልፉ በርሽን አይተው አደነቁ» አለ። «በወሩ መጨረሻ እንግዶች ይዘው ይመለሳሉ። የፊት ተርታው ዐሥራ ሁለቱም ቤት እንደዚሁ ይቀባ።»

«እንደዚሁ ሲሉ?»

«አንድ ዓይነት ቀይ።»

«ሁሉም ቀይ ከሆነማ ሰው ተመልሶ ሊጠፋ ነው። እያንዳንዷ የቤት እመቤት የራሷን ምልክት ትምረጥ፣ እኔ እሠራለሁ። ካልሆነ አፈሩን ሌላ ሰው ያቡካልዎት።»

ጓድ ቀጄላ ተርታውን ከዳር እስከ ዳር አየው። «ከመስመር አይውጣ ብቻ» ብሎ ሄደ።

ሥራ ጀመርኩ። አንዷ ሚዶ አለችኝ፣ አንዷ ጅግራ አለችኝ። አንዷ ያመጣንን አውሮፕላን ሥሪልኝ አለች፤ ሠራሁላት፣ ዓሣ መሰለ፣ እሷ ግን ወደደችው። ሴቶቹ በር ላይ ያዩትን ቀሚሳቸው ላይ ፈለጉ። ሰልባጃቸውን እየተረተሩ ክር ይዘውልኝ መጡ፣ የካኪው አንገት ሁሉ እየተጠለፈ ገበያ ወረደ። ተርታው ውስጥ ሆን ብዬ እየዘለልኩ ያቆየሁት አንድ ቤት ነበር፤ የእነ ሞላ ቤት። ልሸሸው አልቻልኩም፤ የአፈሩን ገንቦ አንሥቼ ሄድኩ።

የቤቱ እመቤት አሰለፈች ከኔ በዐሥር ዓመት ትበልጣለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። «ግቢ፣ እረፊ መጀመሪያ» አለችኝ። ገባሁ።

እኔ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ አያርፍም፤ ዕቃው የት እንደተቀመጠ፣ ማን የት እንደሚተኛ ያያል። ያ ቤት ሁለት መደብ ነበረው። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ መሐላቸው ከወለል እስከ ጣሪያ የቆመ የቀርከሃ መከለያ። በቀኙ መደብ በላይ መደርደሪያ፣ ማሰሮ፣ የሴት ልብስ። በግራው ማጭድ፣ ገመድና የተጠቀለለ ብርድ ልብስ። መከለያው በጭስ ጠቁሯል፤ ማሰሪያው ላይ ሸረሪት አድርቷል። ባልና ሚስት ትናንት ተጣልተው ያቆሙት አልነበረም።

አሰለፈች አየችኝ። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«አየሽው?»

«አየሁት፣ እትዬ።»

«ሞላ የባሌ ታናሽ ነው» አለች። «ባሌ አድማሱ ሸማኔ ነበር። ገና ወሎ መጠለያ ውስጥ እንዳለን ሞተ። በሦስተኛው ቀን መዝጋቢዎቹ መጡ፣ ብቻዋን የሆነች ሴት በሌላ መኪና ነው የምትሄደው አሉ። የት እንደሚወስዱን የሚያውቅ የለም። እኔ ታምሜ ተኝቻለሁ። ሞላ፣ ባለቤቴ ናት አለ። በዚያው ተጻፍን፣ በዚያው መጣን።» ትንሽ ቆየች። «እናቱ ጡት አጥብተውት እንጂ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከወንድምነት ወጥቶ አላየሁትም።»

ያን ቀን ጫማውን እያወለቀ ምን ብሎ እንደተጣራ ትዝ አለኝ። እታለም። ሚስቱን እታለም ብሎ የሚጠራ ማን ባል አለ? ጆሮዬ ሰምቶት ነበር፤ ጆሮዬን ትቼ የሰው ወሬ አመንኩ።

«እና ለምን አትናገሩም?»

«መንግሥት አታለላችሁ ቢሉስ? ቤቱን ቢቀሙኝስ? ወደ ሌላ አምባ ቢሰዱኝስ?» አለች። ቀጥላ የተናገረችው ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል። «ከሁሉ የከፋው እሱ አይደለም፣ ጤናዬ። ባሌን አላለቀስኩትም። በመዝገብ ባሌ በሕይወት አለ፤ ለማን ብዬ ከል ልልበስ? ሁለት ዓመቴ፣ አንድ ሰው እንኳ እግዚአብሔር ያጥናሽ አላለኝም።»

ገንቦዬን እዚያው ትቼ ወደ ቀርከሃው ጫካ ሄድኩ። ሞላ ቀርከሃ እየቆረጠ ነበር፤ ሲያየኝ ልማዱ ሆኖ አንገቱን አቀረቀረ።

«ቀና በል» አልኩት። «ቤታችሁን አይቼዋለሁ።»

ማጭዱን አስቀመጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ልትሆኚልኝ? አንቺን ላገባ እሷን ከቤት ላስወጣ? አንቺም አታደርጊውም፣ እኔም አላደርገውም።»

«እኔን ታገባ ነበር?»

«ያን ቀን ውኃውን ስትሰጪኝ» አለና ቆመ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቄ ቤት እንዳልስት በየቀኑ ራሴን እጠብቃለሁ።»

ዕንባዬ መጣ፤ በቀሚሴ ጠረግሁት። «ሞላ፣ እኔ እጠብቅህ ነበር፣ አሁንም እጠብቃለሁ። ለኔ ሲባል ግን እሷ ልትጎዳ አይገባም፣ ዝም በማለታችንም ተጎድታለች። መዝገቡ መታረም አለበት።»

«ልሂድና ለቀጄላ ልንገረው። ይሰሩኝ።»

«ታስረህ ለማን ትሆናለህ? ቆይ። መጀመሪያ እሷ ትሁን ትበል።»

አሰለፈች ሦስት ቀን አሰበችበት። በአራተኛው ቀን፣ «ይሁን» አለች።

የቀረውን ተርታ ቀባሁ። የአሰለፈችን ቤት ግን አንድ ጣት አፈር አላስነካሁትም። እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር ጓድ ቀጄላ ከዳር እየቆጠረ መጣና እዚያ ቤት ፊት ቆመ። ዐሥራ አንድ በር ያበራል፣ አንዱ ባዶ ጭቃ ነው።

«ይህ ለምን ቀረ?»

«የቤቱ እመቤት ምልክት ሳትመርጥ አልሠራም፣ ጓድ ቀጄላ።»

«ሚስትየዋ ትምረጣ።»

«የሰው ሚስት አይደለችም። መዝገቡ ተሳስቷል።»

አሰለፈች ከውስጥ ወጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ አላደረገችም። ለኔ የነገረችኝን ሳትቀንስ ነገረችው። ሞላ ከኋላዋ ቆሞ፣ «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ታማ ተኝታ ነበር፤ የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ» አለ። አባቴ ነገሩን ያን ጊዜ ነው የሰማው፤ ከተሰበሰበው ጎረቤት መሐል ቆሞ አንዴ ሞላን አንዴ እኔን ያያል።

ጓድ ቀጄላ ደም ሥሩ ተገተረ። «ለመንግሥት የሐሰት ቃል ነው የተሰጠው!»

«ነው» አልኩ። «ለሁለት ዓመት በእርስዎ መዝገብ ተቀምጧል። ወደ ላይ ቢጽፉት እነዚያ ጓዶች ሰኞ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማንን ነው? ስሟን በራሷ ቤት ላይ ቢጽፉት ግን ባሏ የሞተባት እማወራ ናት፤ እንደዚያ ያሉ ስንት አሉ። ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም። ሞላም ሲያገባ፣ ለአዲስ ባለትዳር ከኋላ ተርታ ቤት አለ ብለው በስብሰባ የተናገሩት እርስዎ ነዎት።»

«ማንን ሊያገባ ነው?»

ወደ ኋላ የምልበት ጊዜ አልነበረም።

«እኔን» አልኩ። አባቴን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ጓድ ቀጄላ የደረት ኪሱን ብዕር አውጥቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። «ውሸት ተብሎ አይታረምም» አለ በመጨረሻ። «ስሕተት ተብሎ ይታረማል።» ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ። ከዚያ አሰለፈችን፣ «የሟች ስም?» ብሎ ጠየቃት።

«አድማሱ» አለች። የሱን ስም ጮክ ብላ ስትጠራ የሰማናት ያን ጊዜ ነው። ወዲያው እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ሴቶቹ ከየባለቀለም በራቸው ወጥተው ከበቧት።

ያን ቀን ምልክቷን ነገረችኝ፤ የሸማኔ መወርወሪያ ነበር። በነጭ አፈር ሠራሁላት፣ ከሠራሁት ሁሉ ቀጥ ብሎ የወጣው እሱ ነው። እንግዶቹ ሰኞ መጥተው አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሡ፣ ሄዱ።

ሞላን ላገባ ነው ካልኩ በኋላ መጀመሪያ የሠራሁት ልብስ ጥቁር ነው። ጣሂራ ከኩርሙክ የመጣ ቀለም ሰጠችኝና፣ «ለሐዘን አንተ ገንዘብ አይከፍልም» አለችኝ። የአሰለፈችን ካኪ በብረት ድስት ቀቅዬ አጠቆርኩት፤ ጥልፉን ፈትቼ አንገቱን ባዶ አደረግሁት። አሰለፈች ከል ለብሳ ሦስት ቀን ተቀመጠች። የሁለት ዓመት ሙት ለቅሶ አምባው ሙሉ ደረሰ፤ ጓድ ቀጄላም ባርኔጣውን አውልቆ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሞላ ወንድሙን ያን ጊዜ አለቀሰው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ሳየው፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ዕንባውን የት እንዳስቀመጠው ገረመኝ።

ሐዘኑ ከልቧ ሳይወጣ ሠርግ አይሆንም ብዬ እኔው አስቆየሁት። እሷ ናት ከፋሲካ በኋላ በቃ ያለችኝ። ሽማግሌ ሆነው አባቴ ዘንድ ሐምዳንና ሁለት የአገራችን ሰዎች መጡ። አባቴ፣ «ልጅቱ ለቀጄላ ቀድማ ነግራዋለች፣ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አላቸውና ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበረበት፣ ይገባዋልም።

ከቀይ ሹራቡ የተረፈው ክር ለምን እንደነበር ያኔ ታወቀ። ነጭ አቡጀዲ ላይ ከአንገት እስከ ጫፍ ጠለፍኩት፤ አሰለፈች በጥቁሯ ተቀምጣ አብራኝ ትጠልፍ ነበር። ሞላ ያንን መከለያ አፈረሰና ቀርከሃውን ፋቀው፣ የአዲሱን ቤታችንን በር ሠራበት።

ቤቱ ከኋላ ተርታ ነው፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ጭቃ። በሠርጉ ሳምንት አፈር ለማቡካት ጊዜ አላገኘሁም። ሞላ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሻ ውሎ ሲመለስ ከውስጥ ሆኜ አየሁት። በሩ ፊት ቆሟል፣ አይገባም።

«ምን ቆምክ?»

«እያጣራሁ ነው» አለ። «የማን ቤት ነው?»

«የጤናዬና የሞላ።»

ገባ። መደቡ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አንድ በአንድ አወለቀ፣ ግድግዳው ሥር አስጠጋው። ቤቱ አንድ መደብ ብቻ ነበረው።

«ጤናዬ፣ ውኃ ካለ እስቲ» አለ።

መደርደሪያው ላይ ካለው ቅል ቀዳሁለት።